ርዕሰ መስተዳድሩን ማን ይሾመዋል? ማንስ ያወርደዋል?

ጥያቄው የመጣው ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ይላሉ፦

«አባቴ ደሴ ዙሪያ ገበሬ ናቸው። ለመንገድ ተብሎ ከመሬታቸው ተቆርጦ ተወሰደ። የተገመተላቸው ካሳ በጣም ትንሽ ነው። ወንድሜ ‹ለርዕሰ መስተዳድሩ አቤት እንበል፣ እሱ ከፈቀደ ያልቃል› ይላል። ለመሆኑ የክልል ርዕሰ መስተዳድር ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው? እዚህ እንዳለው ገቨርነር ነው? ሕዝብ ሳይመርጠው እንዴት ይሾማል? ጠቅላይ ሚኒስትሩስ በፈለጉ ጊዜ ሊያነሱት ይችላሉ?»

እህቴ፣ ሁሉንም እመልሳለሁ። ከፖለቲካው በፊት ግን የአባትዎን ጉዳይ ላስቀድም። እሱ ጊዜ አይሰጥም።

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚሠራበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ወይም ካሳው ያነሰበት ሰው አቤቱታውን በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ያቀርባል። እዚያ ካልረካ ወደ ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ይሄዳል። ከዚያ ፍርድ ቤት አለ። ለርዕሰ መስተዳድሩ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ማመልከቻ ግን ይህን 30 ቀን አያቆመውም።

በአንድ የክልል ምክር ቤት የሕግ ባለሙያ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎች እንዴት እንደሚጓዙ በዓይኔ አይቻለሁ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባል። ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ ወደ ቢሮው ይመራል። ቢሮው ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ወረዳ ይመራዋል። በመጨረሻ «ተገቢው እንዲፈጸም» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት፣ መጀመሪያ ግምቱን በሠራው ሰው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። አንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ዙር ሲጠብቁ ቀኑ አለፈባቸው። ፍርድ ቤት ሲደርሱ በሩ ተዘግቶ ነበር። የእርሳቸው ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ስለዚህ ወንድምዎ ደብዳቤ መጻፉን ይጻፍ፣ ክፋት የለውም። አቤቱታው ግን በቀኑ፣ በቦታው ይግባ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ።

ወንድምዎ «እሱ ከፈቀደ ያልቃል» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአባቶቻችን የወረስነው አስተሳሰብ ነው። በንጉሡ ጊዜ አገሪቱ በ14 ጠቅላይ ግዛቶች ተከፍላ ነበር። ጠቅላይ ገዥውን የሚሾመው ንጉሠ ነገሥቱ ነው። የሚሽረውም እሱ ነው። ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ትግራይን ሲያስተዳድሩ ሥልጣናቸው የመጣው ከትግራይ ምክር ቤት አይደለም፣ ከዙፋኑ ነው። «እንደራሴ» የሚለው ቃል ራሱ ይህን ይናገራል። እንደ ራሴ፣ በእኔ ፈንታ ማለት ነው። ደርግ ሲመጣ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ፣ ገዥው ዋና አስተዳዳሪ ተባለ። ሿሚው ግን አዲስ አበባ ሆኖ ቀረ። አባትዎ ያደጉት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። «ትልቁን ሰው ካገኘሁ ጉዳዬ ያልቃል» ማለት ያኔ ትክክል ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ገልብጦታል። ቢያንስ በወረቀት። አንቀጽ 50 ሁለት መንግሥት አለ ይላል። የፌዴራል መንግሥትና የክልል መንግሥት። ክልሉ የፌዴራሉ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት አይደለም። የራሱ ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚና ዳኝነት አለው። የክልሉ ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፣ ተጠሪነቱም ለክልሉ ሕዝብ ነው። ይህችን ሐረግ ልብ ይበሉልኝ። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አይልም፣ ለፓርላማውም አይልም።

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ስለ ርዕሰ መስተዳድሩ ብዙም አያወራም። አስፈጻሚው የክልል መስተዳድር ነው ብሎ ያልፋል። እንዴት ይመረጣል፣ እንዴት ይወርዳል፣ ምን ይሠራል የሚለውን ለየክልሉ ሕገ መንግሥት ትቶታል። የአማራ ክልል ለምሳሌ በ1994 የተሻሻለ የራሱ ሕገ መንግሥት አለው። ብዙ ሰው ክልሎች የየራሳቸው ሕገ መንግሥት እንዳላቸው እንኳ አያውቅም። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕዝቡ በምርጫ ለክልሉ ምክር ቤት ሰዎችን ይመርጣል። ኦሮሚያ ውስጥ ይህ ምክር ቤት ጨፌ ይባላል። በምክር ቤቱ አብላጫ ወንበር ያገኘ ፓርቲ ርዕሰ መስተዳድሩን ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይሾመዋል። ርዕሰ መስተዳድሩ ደግሞ የቢሮ ኃላፊዎቹን አቅርቦ ያሾማል። ይህ ስብስብ የክልሉ ካቢኔ ነው። ስለዚህ «ሕዝብ ሳይመርጠው» ላሉት፣ ሕዝብ የመረጠው በተዘዋዋሪ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩም የሚመጡት በዚሁ መንገድ ነው። አገሪቱ የመረጠችው የፓርላማ ሥርዓት ነው፣ ክልሎቹም ያንኑ ተከትለዋል።

ከቨርጂኒያው ገቨርነር የሚለየው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የእርስዎን ገቨርነር እርስዎ ራስዎ ድምፅ ሰጥተው መርጠውታል። የግዛቱ ሸንጎ ቢጠላው እንኳ የሥራ ዘመኑን ይጨርሳል። ሸንጎው ያወጣውን ሕግ «አልፈርምም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ አንድ ገቨርነር ተከታታይ ሁለት ዘመን ማገልገል አይችልም። የእኛው ርዕሰ መስተዳድር በዚህ ሁሉ ይለያል። ምክር ቤቱ ሾሞታል፣ ምክር ቤቱም ሊያወርደው ይችላል። ምክር ቤቱ ያጸደቀውን አዋጅ ይፈርማል እንጂ መሻር አይችልም። አዋጁ በአማራ ክልል በዝክረ ሕግ፣ በኦሮሚያ በመገለታ ኦሮሚያ ይታተማል፣ ከሥሩ የርዕሰ መስተዳድሩ ስም ይሰፍራል።

በፌዴራል ደረጃ አዋጅ የሚፈርሙት ፕሬዚዳንቱ ናቸው፣ መንግሥቱን የሚመሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። ሁለት ሰው ነው። ክልል ላይ ግን ሁለቱም ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። በዓል የሚከፍተውም፣ እንግዳ የሚቀበለውም፣ በጀት የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። በአማርኛ ዜና «ፕሬዚዳንት» እና «ርዕሰ መስተዳድር» የሚሉት ስሞች የሚቀላቀሉትም በዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ከገቨርነር ይልቅ ለጀርመን ወይም ለህንድ የግዛት መሪዎች ይቀርባል። እነሱም የሚወጡት ከግዛታቸው ምክር ቤት ነው። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ይግባ። የሚኖሩት ዲሲ አጠገብ ስለሆነ ይገባዎታል። የአዲስ አበባ ከንቲባ ርዕሰ መስተዳድር አይደለም። አዲስ አበባ ራሷን የማስተዳደር መብት ቢኖራትም ተጠሪነቷ በአንቀጽ 49 ለፌዴራል መንግሥት ነው። የዲሲ ሕዝብ ከንቲባውን ይመርጣል፣ ግን ኮንግረሱ ከላይ አለ። አዲስ አበባም በዚህ ትመስላታለች። የድሬዳዋም ነገር ከክልሎቹ የተለየ ነው። ሐረሪ ደግሞ በሌላ መንገድ ትለያለች። ምክር ቤቷ ሁለት ክፍል አለው፣ አንደኛው የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ነው፣ የክልሉ መሪም የሚመነጨው በእሱ በኩል ነው። አሁን 12 ክልሎች አሉ። ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ከቀድሞው የደቡብ ክልል የወጡ ናቸው።

ወደ «ማን ያወርደዋል?» እንሂድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ርዕሰ መስተዳድርን በደብዳቤ ማንሳት አይችሉም። በሕግ የላቸውም። ሚኒስትር ሊያነሱ ይችላሉ። ርዕሰ መስተዳድሩ ግን የእርሳቸው ሚኒስትር አይደለም። የሌላ መንግሥት መሪ ነው። የሚያወርደው የክልሉ ምክር ቤት ነው፣ ወይም ራሱ ይለቃል።

ይህ በወረቀት ነው። አሁን በተግባር የሆነውን ልንገርዎ።

የአማራ ክልልን እንይ። አቶ ገዱ አንዳርጋቸው በየካቲት 2011 ለቀቁ። ዶክተር አምባቸው መኮንን ተተኩ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ውስጥ ተገደሉ። ያ ቀን እስከ ዛሬ ያማል። ከዚያ አቶ ተመስገን ጥሩነህ መጡ። ቀጥሎ አቶ አገኘሁ ተሻገር። ቀጥሎ ዶክተር ይልቃል ከፋለ። በነሐሴ 2015 አቶ አረጋ ከበደ ተሾሙ። ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015 አምስት አዲስ ርዕሰ መስተዳድር ማለት ነው። አንድ የምክር ቤት ዘመን እንኳ 5 ዓመት ነው።

የለቀቁት ሰዎች የት ሄዱ? አቶ ገዱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። አቶ ተመስገን የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። አቶ አገኘሁ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። ከኦሮሚያም አቶ ለማ መገርሳ መከላከያ ሚኒስትር ሆነው ሄደዋል። ይህን የምጽፈው ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ነገሩ ምን እንደሚመስል ይታይዎ ብዬ ነው። አንድ የክልል መሪ ከክልሉ ምክር ቤት ጋር ሳይጣላ፣ ሕዝቡም ሳይጠይቀው፣ ወደ ሌላ ወንበር ሲዛወር፣ ዝውውሩን የወሰነው ምክር ቤቱ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ፓርቲው ነው። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ስንብቱን ይሰማል፣ አዲሱን ሰው ይሾማል። እጅ ይወጣል። ጭብጨባ ይከተላል።

እኔ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። የሹመቱ አጀንዳ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጨረሻ ይመጣል። ስም ይጠራል። የሥራ ልምድ ይነበባል። «አስተያየት ካለ?» ይባላል። ዝም። የሚደንቀኝ ሰዎቹ ሥልጣኑ የእነሱ መሆኑን አለማሰባቸው ነበር። አንዱ አባል ሻይ ላይ «እኛማ የመጣውን ነው የምናጸድቀው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሐቁን ነው የነገረኝ። ያ አባል የወከለው ግን እንደ አባትዎ ያሉ ሺህ ሰዎችን ነው። ዝም ያለው የእነሱን ድምፅ ይዞ ነው።

ፓርቲ ይህን ያህል እጁ ረጅም መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። በኢሕአዴግ ጊዜም ነበር። ልዩነቱ ያኔ ክልሎቹን የሚመሩት ድርጅቶች የየራሳቸው ማዕከላዊ ኮሚቴ ነበራቸው። በ2012 ብልጽግና ሲመሠረት ግን ከሕወሓት በቀር የግንባሩ አባል ድርጅቶች በአንድ ፓርቲ ውስጥ ተዋሐዱ። አሁን የክልሉ መሪ የአንድ አገራዊ ፓርቲ የቅርንጫፍ ሰው ነው። ይህ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም። ግን የክልሉ ምክር ቤትና የፓርቲው ጽሕፈት ቤት የተለያየ ነገር ሲያስቡ ምክር ቤቱ እንዲያሸንፍ ድፍረት ይጠይቃል።

ሕጉ ግን ባዶ አይደለም። ፓርቲም ቢሆን የሚያጎነብስለት ጊዜ አለ። የሚገርመኝ ምሳሌ የየካቲት 2010ሩ ነው። ኦሮሚያን ይመራ የነበረው ድርጅት፣ ኦሕዴድ፣ ሊቀመንበሩን አቶ ለማን አውርዶ ዶክተር ዐቢይ አሕመድን አመጣ። አቶ ለማ ያኔ በጣም ተወዳጅ ነበሩ። ታዲያ ለምን? አቶ ለማ የጨፌ አባል እንጂ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል አልነበሩም። በአንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሆነው ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ነው። አንዲት አንቀጽ የአገሪቱን መሪ ለየች ማለት ነው።

ይኸው ደንብ በክልልም ይታያል። ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል በ2010 ትግራይን ሲመሩ ስማቸው ምክትል ርዕሰ መስተዳድር ነበር። አቶ ሙስጠፌ መሐመድም ሶማሌ ክልልን ሲረከቡ ለዓመታት የተጠሩት ምክትል ርዕሰ መስተዳድር ተብለው ነው። የበላይ ሳይኖር ምክትል ሲባል ሰው ይገረም ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ርዕሰ መስተዳድር የሚሆነው የክልሉ ምክር ቤት አባል ነው። በምርጫ ያልገባ ሰው ሲመጣ ምክትል ተብሎ መሪ ይሆናል። የአዲስ አበባው ኢንጂነር ታከለ ኡማም ምክትል ከንቲባ የተባሉት በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ለእኔ ይህ ብልሃት ደስ አይለኝም። ሕጉ ከምክር ቤቱ ይውጣ ያለው ሕዝብ የመረጠው ሰው ይሁን ብሎ ነው። ምክትል የሚለው ስም ያንን በር በጎን ከፍቶታል።

ማዕከል ያለው ፓርቲ የክልል መሪ ላይ ጫና ሲያደርግ ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም። በጀርመን፣ በቱሪንጊያ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ቶማስ ኬመሪክ የሚባል ሰው በግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ። ያሸነፈው በቀኝ አክራሪው ፓርቲ ድምፅ ታግዞ ነው። አገሩ ተናወጠ። በርሊን ያሉ የፓርቲ መሪዎች ተቆጡ። ሰውየው በ3 ቀን ውስጥ ለቀቀ። ልብ ይበሉ፣ ቻንስለሯ አላነሱትም። አይችሉም። ራሱ ለቀቀ፣ ምክር ቤቱ እንደገና ተሰብስቦ ድምፅ ሰጠና ቦዶ ራሜሎን መረጠ። ድምፁ ያለቀለት ነገር አልነበረም፣ የተለያዩ ፓርቲዎች ተከራክረውበታል።

ህንድ ደግሞ ይህን ትምህርት በፍርድ ቤት ተምራዋለች። እዚያ ግዛቱን የሚመራው ዋና ሚኒስትር ከግዛቱ ምክር ቤት ይወጣል። ከእሱ ጎን ደልሂ የምትሾመው ገዥ አለ። ለብዙ ዓመታት ደልሂ ያልወደደችውን የግዛት መንግሥት «አብላጫ ድምፅ አጥቷል» ብላ ታፈርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የካርናታካው ዋና ሚኒስትር ቦማይ በዚህ መንገድ ወረዱ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1994 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቁርጥ ያለ ነገር ተናገረ። መሪው አብላጫ ድምፅ አለው ወይስ የለውም የሚለው የሚለካው በምክር ቤቱ ወለል ላይ፣ በድምፅ ነው አለ። በገዥው ግምት አይደለም። ከዚያ በኋላ የግዛት መንግሥትን እንዲሁ ማፍረስ ከባድ ሆነ። ይህን ፍርድ ባነበብኩ ቁጥር የእኛው ምክር ቤት ወለል ትዝ ይለኛል። ድምፅ የሚሰጥበት ወለል እኛም አለን።

አሁን «ፌዴራሉ ፈጽሞ አይገባም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ይገባል። መንገዱ ግን ተለክቶ የተቀመጠ ነው። በአዋጅ ቁጥር 359/1995 ሦስት ሁኔታ አለ።

አንደኛው ክልሉ ራሱ ሲጠራ ነው። ጸጥታ ከአቅሙ በላይ ሲሆን መስተዳድሩ የፌዴራል ኃይል ይጠይቃል። ሐምሌ 27 ቀን 2015 ዶክተር ይልቃል ይህን ጥያቄ በደብዳቤ አቅርበዋል። በማግስቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ክልሉ ራሱ እንዲህ ያለ አዋጅ ማወጅ አይችልም። በአንቀጽ 93 ክልል የአስቸኳይ ጊዜ የሚያውጀው ለተፈጥሮ አደጋና ለወረርሽኝ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የሰብአዊ መብት ሲጣስና ክልሉ ማስቆም ሲሳነው ነው። የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ መክረው ለክልሉ ምክር ቤት መመሪያ ይሰጣሉ።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። ክልሉ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ሲጥል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጣልቃ ገብነት ያዛል። ይህ እስከ ምክር ቤቱን ማገድና ጊዜያዊ አስተዳደር ማቋቋም ይሄዳል። ጥቅምት 28 ቀን 2013 በትግራይ የተወሰነው ይኸው ነው። ከፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ አቶ ጌታቸው ረዳ፣ ከእርሳቸው ቀጥሎ በ2017 ጄኔራል ታደሰ ወረደም፣ የተሾሙት የጊዜያዊ አስተዳደር ፕሬዚዳንት ሆነው ነው። ተጠሪነታቸው በሕግ ከሌላው ርዕሰ መስተዳድር የተለየ ነበር። ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ከኋላቸው አልነበረም። አንድ ሕዝብ እንዲህ ባለ ሁኔታ ለዓመታት ሲቆይ በጣም ያሳስበኛል። ጊዜያዊ የተባለ ነገር ሲረዝም ሕዝቡ ጠያቂ ሊሆንበት የሚችለው ምክር ቤት ይጠፋል።

ስለ ሥራው ጥቂት ልበል። ርዕሰ መስተዳድሩ ሠራዊት የለውም። የአሜሪካው ገቨርነር ብሔራዊ ዘብ አለው። የእኛው በሕገ መንግሥቱ ያለው ፖሊስ ነው። ክልሎች ለዓመታት ልዩ ኃይል አቋቁመው ነበር። በመጋቢት 2015 የፌዴራል መንግሥት ልዩ ኃይሎቹ ወደ መከላከያና ወደ ፖሊስ እንዲገቡ ወሰነ። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የገጠር መንገዱ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የመሬት አስተዳደሩ ግን የእሱ ነው። የዕለት ኑሮን የሚነካው አብዛኛው ነገር በክልል እጅ ነው። አዲስ አበባ ላይ አተኩረን ይህን እንረሳዋለን።

ችግሩ ገንዘቡ ነው። ጉምሩክን የመሰለ ትልቁ ገቢ የፌዴራል ነው። ክልል የሚሰበስበው የሠራተኞቹን የሥራ ግብር፣ የገበሬውን የመሬት መጠቀሚያ፣ የግለሰብ ነጋዴውን ግብር ነው። የቀረውን በፌዴራል ድጎማ ይሸፍናል። የድጎማውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ርዕሰ መስተዳድሩ በጀቱን ሲያዘጋጅ አንድ ዓይኑ ሁልጊዜ ወደ አዲስ አበባ ያያል። እሱም ሰው ነው፣ ደመወዝ መክፈል አለበት።

ይህ አባትዎን በቀጥታ ይነካቸዋል። በ2016 የካሳ አዋጁ ሲሻሻል፣ ለፌዴራል ፕሮጀክት ሲባል ለሚለቀቅ መሬት ካሳ የመክፈል ኃላፊነት ወደ ክልሎች ዞሯል። ስለዚህ መንገዱን የፌዴራል መንግሥት ቢሠራውም የካሳው ገንዘብ ጉዳይ የክልል ነው። በዚህ ረገድ ወንድምዎ ግማሽ እውነት ይዟል። ርዕሰ መስተዳድሩ ለካሳ በቂ በጀት እንዲያዝ ማድረግ ይችላል። ቢሮው ያወጣው የዋጋ ተመን ያረጀ ከሆነ እንዲታደስ ማዘዝ ይችላል። የአንድን ገበሬ ግምት ግን በስልክ ከፍ አያደርግም። የፍርድ ቤትን ውሳኔም አይሽርም። አደርገዋለሁ የሚል ደላላ ካገኛችሁ ገንዘብ እንዳትሰጡት።

ካሳው ያነሰው የእርሳቸው ብቻ ካልሆነ፣ የቀበሌው ገበሬ ሁሉ ተመሳሳይ ቅሬታ ካለው፣ ሌላ መንገድ አለ። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው አንድ ደብዳቤ ይጻፉ። ለርዕሰ መስተዳድሩ ሳይሆን አካባቢያቸውን ለሚወክለው የክልል ምክር ቤት አባል። ስሙን ወረዳው ይነግራቸዋል። በጽሑፍ፣ በፊርማ፣ ቅጂውን ይዘው። ያ አባል በጉባኤ ላይ ተነሥቶ ርዕሰ መስተዳድሩን ስለ ካሳው ተመን መጠየቅ ይችላል። መብቱ ነው። ከኋላ ወንበር ሆኜ ባየኋቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ሲነሣ ግን አዳራሹ ይለወጥ ነበር። የቢሮ ኃላፊው ወረቀት ማገላበጥ ይጀምራል። ርዕሰ መስተዳድሩም ማስታወሻ ይይዛል። ሁሉም የሚያውቀው ሥልጣን ድንገት ቦታውን ያገኛል።

ለአሁኑ ግን ዛሬውኑ ለአባትዎ ይደውሉ። ትእዛዙና የካሳ ግምቱ የተጻፈበት ወረቀት የደረሳቸው ምን ቀን እንደሆነ ይጠይቋቸው። በቃል የሚሉትን ሳይሆን ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቀን ወንድምዎ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። ከዚያ ቀን ጀምረው 30 ይቁጠሩ።